«ሲስተም የለም»፦ ሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ሰርቨር ማሠራት ያዋጣል ወይ?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለነጋዴዎች፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሠራተኞችና ለግል ኮሌጅ ባለቤቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ገለበጥኩት። አንዳንድ ድግግሞሽ ቆርጫለሁ እንጂ እንዳለ ነው።)

እንዴት ዋላችሁ? ከኋላ ይሰማል? ይሰማል ተባለ። እንግዲያው ማይኩን ልተወው። እሱም እንደ ሲስተም ነው፣ ደስ ሲለው ነው የሚሠራው።

ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ቢሮውን ለሰው አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ረጅም አላወራም። የሚያውቁኝ ሰዎች ከወዲሁ መሳቅ ጀምረዋል፣ ይሁን።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የሆነ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው እጁን ያውጣ። አንድም የለም። አሁን ደግሞ ልገልብጠው። ከእናንተ ውስጥ ለራሱ ደንበኛ «ሲስተም የለም» ብሎ የማያውቅ ማነው? አሁንም የለም። በሉ፣ ተዛዝነናል ማለት ነው።

ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው። ሰሞኑን ሻጮች በየቢሮው እየዞሩ «ኮምፒውተሮቻችሁን አትጣሉ፣ አንድ ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ግዙ፣ ሁሉም በሱ ይሠራል» እያሉ ነው። ሦስት ሰው ደውሎ «ልግዛ ወይ?» ብሎኛል። ሁለቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፣ አላይም።

ለምን አሁን? ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይወድም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ነገር ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ቢያንስ ከተወሰነ ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። የእናንተ ቢሮ ማሽኖች ደግሞ… እኔ ነኝ የምጠግናቸው፣ አውቃቸዋለሁ። ሻጩ ይህን ክፍተት አይቶ ነው የመጣው። አልፈርድበትም፣ እኔም በጊዜዬ ሻጭ ነበርኩ።

ነገሩን በደንብ ለማታውቁት በአጭሩ። ዴስክቶፕ ቨርቹዋላይዜሽን ይሉታል። ጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀረው ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ቲን ክላየንት የምትባል ትንሽ ሳጥን ናት። ዊንዶውሱም፣ ፒችትሪ የምንለው የሒሳብ ሶፍትዌርም፣ ፋይሉም የሚሠራው ሌላ ክፍል ባለው ሰርቨር ውስጥ ነው። እናንተ የምታዩት ምስሉን ብቻ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አይቢኤም አንድ ትልቅ ማሽንን ለብዙ ሰው እንደየግል ማሽን የሚያከፋፍለውን ቪኤም 370 የተባለ ሲስተም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከኮምፒውተር ጋር አይገናኝም፣ ግን ታገሡኝ።

እኔ ያደግሁት ደምበጫ አካባቢ ገጠር ነው። ልጅ ሳለሁ እያንዳንዱ ቤት የድንጋይ ወፍጮ ነበረው። አያቴ ሌሊት ተነሥታ ስትፈጭ የሚቀሰቅሰኝ ድምፁ ነበር። በኋላ ለሰፈሩ የሞተር ወፍጮ መጣ። በዓል ሆነ! ሴቶቹ ተገላገሉ፣ ይህን ቀልድ አታድርጉት፣ ያንን ድንጋይ የገፋ ነው የሚያውቀው። የየቤቱ ወፍጮ ውጭ ተጣለ፣ አንዳንዱ ደጃፍ ላይ መቀመጫ ሆነ። አያቴ ግን ወፍጮዋን ከነመጁ ጓዳ አስቀመጠችው። «ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት «ይቀመጥ፣ እህል አይበላ» አለች።

አንድ ክረምት ሞተሩ ተሰበረ። ዕቃው ከባሕር ዳር ይምጣ ተባለ። መንገዱ ጭቃ፣ መካኒኩ ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ሳምንት ሆነ። ሰፈሩ ጎታው እህል ሞልቶ ዱቄት አጣ። እና ሰልፉ የት ሆነ? አያቴ ጓዳ። እኔም የዚያን ጊዜ ነው መጅ መግፋት የተማርኩት፣ ወንድ ልጅ ነህ ያለኝም የለም።

ሰርቨር ማለት የሞተር ወፍጮ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሦስት ነገር ልላችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ ይህ ነገር ስንት ዓይነት ነው፣ ሁለተኛ ወጪው የት ተደብቋል፣ ሦስተኛ ለማን ይሆናል።

አንደኛው። ሻጩ «ቨርቹዋል» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት፣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። የመጀመሪያው ቪዲአይ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሰርቨሩ ውስጥ የራሱ ሙሉ ዊንዶውስ ይሰጠዋል። ሠላሳ ሰው ካላችሁ አንድ ብረት ውስጥ ሠላሳ ዊንዶውስ። ሌላው ተርሚናል ሰርቨር ነው። አንድ የሰርቨር ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ሲስተም ይጫናል፣ ሁሉም በየስሙ ይገባበታል። በቤት ብንመስለው ቪዲአይ ለየሰው ክፍል ሠርቶ መስጠት ነው፣ ተርሚናል ሰርቨር ደግሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለየሰው ወንበር። ክፍሉ የራስህ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ግድግዳው ብሎኬት ይበላል።

ሦስተኛው ክላውድ ነው። ሰርቨሩ የእናንተ አይደለም፣ ውጭ አገር ነው፣ በየወሩ በዶላር ትከራያላችሁ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 365 የሚባለውን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ላይ ጀመረ። ለቢሮ ሥራ የሚሆነውን ለአንድ ሰው በወር 30 ዶላር አካባቢ በሉት። ሃያ ሠራተኛ ካለ በዓመት 7,200 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ያኔ ይህ ገንዘብ 410 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ዛሬ ያው አገልግሎት፣ ያው ዶላር፣ በብር ከእጥፍ በላይ ነው። ሠራተኛችሁ አልጨመረ፣ ሥራችሁ አልጨመረ! ዶላሩን ከየት ታመጡታላችሁ የሚለውን ደግሞ አስመጪዎቻችን ይንገሩን።

ቆይ፣ ዋጋውን ተዉት። ክላውድ ያለ ኢንተርኔት ባዶ ስክሪን ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እኛ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ስንት ወር ተዘግቶ እንደቆየ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያኔ ሥራዬ በሙሉ ክላውድ ላይ ነው ያለ ሰው ምን ይውጠው ነበር? ስለዚህ ክላውዱን እዚህ ላይ ጥዬው አልፋለሁ። ለሌላ አገር ሰው ጥሩ ነገር ነው፣ ለእኛ ለአሁኑ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ወጪው። እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ላውራ፣ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነውና።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አርባ ኮምፒውተር ነበረው። ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱም የሱ አልነበረም፣ አሳምኜ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ቪዲአይ፣ ሙሉው። ሰርቨሩ ራሙ ብዙ፣ ፕሮሰሰሩ ሁለት፣ ሲያዩት ያስፈራል። ቅዳሜ ዕለት አምስት ሰው አስቀምጬ ሞከርኩት። በረረ! ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የዚያን ቀን ምሳም እራትም ተጋበዝኩ ማለት ይቻላል።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አርባው ሰው አንድ ላይ አበራ። ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። ክብ ነገር ትዞራለች፣ አርባ ስክሪን ላይ አርባ ክብ ትዞራለች። እኔ ሰርቨር ክፍል ገብቼ ላቤ ይወርዳል። ውጭ ሕዝብ ተሰልፏል። አንድ አዛውንት ገበሬ መስኮቱ ጋ ተጠግተው ምን አሉ መሰላችሁ? «ልጄ፣ ድሮ በደብተር ስትጽፉ እኮ ቶሎ ይደርሰን ነበር።» በሩ ክፍት ነበር፣ ሰማሁ። እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ምን ሆኖ ነው? ዲስኩ ነው። ያስገባሁት የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር፣ አራት ፍሬ። እንዲህ ያለ ዲስክ በሰከንድ መቶ ያህል ጊዜ ነው ማንበብና መጻፍ የሚችለው። አራቱ አንድ ላይ አራት መቶ፣ ለአርባ ሰው ሲካፈል አሥር አሥር። አንድ ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ባለሙያዎች ለዚህ የጠዋት ግፊያ ስም አላቸው፣ ቡት ስቶርም ይሉታል። እኔ ስሙን ያወቅሁት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። መፍትሔው ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ ነበር፣ በሰከንድ አሥር ሺዎችን የሚችል። ተገዛ። በጀት ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ወጣ። ሰርቨሩን፣ ኤስኤስዲውን፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ ዩፒኤሱን፣ ማሽኖቹን የሚያገናኘውን አዲሱን ስዊች፣ አርባውን ቲን ክላየንት ደምሬ ሳየው አርባ አዲስ ዴስክቶፕ ቢገዛ ይረክስ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። ትከሻዬን አልመቱኝም።

ሌላው የተደበቀ ወጪ ላይሰንስ፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ እንተዋወቃለን፣ አንዋሽ። አሁን ቢሮ ያለው ዊንዶውስ ስንቱ ነው የተገዛው? አትመልሱ፣ አትመልሱ። ሻጩ ግን ሲያነጻጽር እንዴት እንደሚያደርግ እዩት። ቨርቹዋሉንም በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ተሰብሮ በሚጫን ሶፍትዌር አስቦ ነው «ርካሽ ነው» የሚላችሁ። በሕጋዊው መንገድ ቲን ክላየንት ላይ ተቀምጦ ሰርቨር ውስጥ ያለ ዊንዶውስ መጠቀም የራሱ ፈቃድ አለው፣ ቪዲኤ ይባላል፣ ለአንድ ማሽን በዓመት ወደ 100 ዶላር ሲሸጥ ኖሯል። በየዓመቱ! ተርሚናል ሰርቨሩም ቢሆን የሰርቨሩ ዊንዶውስ ለብቻ፣ የእያንዳንዱ ገቢ ሰው ፈቃድ ለብቻ ይገዛል። ተራውን ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በጓሮ በር ከፍቶ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ሶፍትዌር አለ፣ ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ፈቃዱ አይፈቅድም፣ ደግሞ አንድ አፕዴት ሲመጣ ይሞታል። ሰኞ ጠዋት። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ቪኤምዌር የሚባለው ኩባንያ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 ብሮድኮም የሚባል ሌላ ኩባንያ በ69 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። በወሩ፣ አንዴ ገዝተህ የራስህ የምታደርገውን ላይሰንስ መሸጥ ተወና ሁሉንም በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ አደረገው። የዴስክቶፑን ክፍል ደግሞ በ2024 ለሌላ ሸጠው፣ አሁን ኦምኒሳ ነው የሚባለው። እኛን ምን አገባን? ያገባናል። ቤቱን የተከራየኸው ካንዱ ነው፣ ጠዋት ስትነሣ አከራዩ ሌላ ነው፣ ኪራዩም ሌላ ነው፣ ዕቃህ ደግሞ ሁሉ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው እኔ አሁን የምተክለው ካለ ፕሮክስሞክስን የመሰለ ክፍት ሶፍትዌር የምመርጠው። ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፣ አከራይ የለውም።

ትልቁን ወጪ ግን አልነገርኳችሁም። ሰው ነው። ያንን ሰርቨር የሚያውቅ አንድ ልጅ። ሠላሳ ዴስክቶፕ ሲኖር አንዱ ቢበላሽ ሃያ ዘጠኙ ይሠራል፣ የሰፈር ልጅ መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል። ሰርቨር ሲቆም ሠላሳውም ይቆማል፣ የሰፈር ልጅ ደግሞ አይነካውም፣ እንዲነካው አትፍቀዱ።

እኔ አንድ ጊዜ ደምበጫ ልቅሶ ላይ ነበርኩ። ስልክ ኔትወርክ የለም። እዚህ ማርቆስ ያለ አንድ ድርጅት ሰርቨሩ ተዘጋበት። ምን ይሁን? ሚኒባስ ላይ ሰው አሳፍረው ላኩ፣ አማኑኤልን አልፎ ደምበጫ ደርሶ፣ ልቅሶ ቤት ገብቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ «ፓስወርዱ ስንት ነው?» አለኝ። እየሳቃችሁ ነው፣ ሐዘንተኛ ነበርኩ እኮ። ግን ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ። ፓስወርዱን ታሽጎ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብኝ። እሺ እኔ ደምበጫ ነበርኩ። ልጁ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ የሄደባችሁስ?

እንግዲህ እንዲህ ሳወራ ነገሩን የጠላሁት መሰልኩ አይደል? አልጠላሁትም። አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። በጎጃም ምድር ይህ ነገር ካዋጣ የሚያዋጣው ሻጩ በማይነግራችሁ ምክንያት ነው። በመብራት።

በለስ ደጃችን ነው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውኃው የጣና ነው። እኛ ግን ሻማ እንገዛለን። ይህ የሌላ ቀን ንግግር ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ መቶ ዋት አካባቢ ይበላል፣ ሠላሳው ሦስት ሺህ ዋት። ቲን ክላየንት አሥር ዋት፣ ስክሪኑ ሃያ፣ በሠላሳ ሲባዛ ዘጠኝ መቶ፣ ሰርቨሩን አራት መቶ ብትሉት ሁሉም 1,300 ዋት። ከግማሽ በታች ሆነ፣ ጄኔሬተሩ አነሰ፣ ናፍጣው አነሰ።

እሱ ብቻ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛ አለ እዚህ? ፒችትሪ ላይ ቫውቸር እያስገባችሁ ድንገት መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? አዎ፣ ጭንቅላቷን ያዘች። ዳታው ይበላሻል፣ ሁለት ቀን ይለቀማል። ተርሚናል ሰርቨር ሲሆን ግን ባትሪ የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ይጥፋ! ሰርቨሩ ውስጥ ሥራው እንደተከፈተ ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ ተመልሳችሁ ስትገቡ ቫውቸሩ እዚያው መስመር ላይ፣ እዚያው ፊደል ላይ ቆሞ ነው የምታገኙት። ይህን መጀመሪያ ያየች አንዲት ገንዘብ ያዥ አማተበች። እውነቴን ነው።

ሌላም አለ። ፍላሽ ሰክቶ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ፣ ያንን ከአንድ ቦታ መዝጋት ትችላላችሁ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ አንዱ ማሽን ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም፣ ደብዳቤው ተከፍቶ ሲታይ የቁራ ጭረት ይሆናል፣ እሱም ይቀራል። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ስንት ደብዳቤ ነው ለዚህ ሲባል ድጋሚ የተተየበው?

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው፣ ለማን ይሆናል። አንድ ግቢ ውስጥ ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ካላችሁ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ሥራ ከሠራ፣ ማለትም ሒሳብ፣ ጽሕፈት፣ ምዝገባ፣ ተርሚናል ሰርቨር ያዋጣል። ቪዲአይ አይደለም፣ ተርሚናል ሰርቨር። ደግሜ ልበለው፣ ቪዲአይ አይደለም። ኮሌጆች፣ የእናንተ የኮምፒውተር ላብ ዋናው ቦታው ነው። ተማሪ ያበላሸው ሁሉ ማታ ይጠፋል፣ ጠዋት እንደ አዲስ ይነሣል። ለላብ ደግሞ ኤልቲኤስፒ የሚባል የሊኑክስ ፕሮጀክት አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ፣ ነጻ ነው። አሮጌዎቹ ማሽኖቻችሁም አይጣሉ፣ ቀላል ሊኑክስ ተጭኖባቸው እንደ ቲን ክላየንት ያገለግላሉ፣ ስለዚህ ሻጩ ሳጥን ሲሸጥላችሁ «ለምን?» በሉት። የመብራቱ ሒሳብ ያኔ እንደማይሠራ ግን አትርሱ፣ አሮጌ ማሽን ያው አሮጌ ማሽን ነው፣ ይበላል።

በካድ፣ ማለትም በኮምፒውተር ንድፍ የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ ቪዲዮ የምትቆርጡ፣ ለእናንተ አይሆንም። በየወረዳው ቅርንጫፍ ያላችሁ፣ ሞጣ አንድ፣ ቢቸና አንድ፣ መስመሩ አስተማማኝ ካልሆነ ለዋናው ቢሮ ብቻ አድርጉት።

እና አያቴን አትርሱ። ሰርቨር የምትተክሉ ሁሉ ሁለት ደህና ዴስክቶፕ ጓዳ አስቀምጡ። ፒችትሪው ተጭኖባቸው፣ የትናንት ማታው ባክአፕ ተገልብጦባቸው። ሥራ አስኪያጁ «ምን ይሠራሉ እነዚህ?» ሲላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። እህል አይበሉም።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ካለ… እሺ፣ እርስዎ እትዬ፣ ከመስኮቱ አጠገብ። «ሰባት ኮምፒውተር ነው ያለኝ፣ ሻጩ ነገ ቅድሚያ ክፍያ ሊቀበል ይመጣል» ነው የሚሉት?

አይክፈሉ። ለሰባት ማሽን አያዋጣም። በዚያ ገንዘብ አንድ ጥሩ ኢንቨርተር ከነባትሪው ይግዙ፣ ከሰባቱ የባሱትን ሁለቱን ይቀይሩ፣ ለተረፉት ኤስኤስዲ ያስገቡ። ሻጩ ከተቆጣ ስልኬን ይስጡት።